«ኢትዮጵያ» የተባለችውን የጦር መርከብ ትክክለኛ ፕላን ስለ መፈለግ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእጅ ሥራ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ በኩል በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ መርከብ ሳታዩ አልገባችሁም። ብዙዎቻችሁም «ጀውሃንና መርከብን ምን አገናኛቸው?» እያላችሁ ስትስቁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንዛችን በበጋ ፍየል የሚሻገረው ነው፤ ከክበባችን አባሎችም ባሕር ያየ አንድም የለም። ነገር ግን ይህ በደጃችን የሚያልፈው የደሴ መንገድ በቀድሞ ጊዜ ከአሰብ ወደብ የተነሣው ጭነት በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ያለፈበት መንገድ ነው። ከዚሁ ከቆላችን ወጥተው በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አባትም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለ ለመኑን «አባባ» ብቻ እንላቸዋለን።

መርከቢቱ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ናት። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ኦርካ የአንድ ትልቅ የባሕር እንስሳ ስም ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከዚያ የመጣ ይመስለዋል፤ እርሷ ግን የተሰየመችው በአላስካ በሚገኝ ኦርካ በተባለ የባሕር ወሽመጥ ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ተሠርታ በ1936 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944) አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋም በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ስንቅ ማቅረብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካገለገለች በኋላ በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን በውሰት ተሰጠች፤ ምጽዋን ማረፊያዋ አድርጋም ለባሕረኞቻችን ማሠልጠኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንግዲህ ዛሬ ሜትር ይዞ ሄዶ የሚለካት ሰው የለም። እኛ አሳስተን ብንሠራት፣ ከእኛ በታች ያሉት ተማሪዎች ስሕተታችንን መርከቢቱ ናት ብለው ይቀበላሉ።

ይህን የተረዳነው ግን ዘግይተን ነው። ዓምና የመጀመሪያዋን ሞዴል ስንሠራ ፕላን ማግኘት ቀላል መስሎን ነበር። በኢንተርኔት ላይ የመርከቢቱ ስም የተጻፈበት አንድ ሥዕል አገኘን፤ ከስሙ በቀር ምንም ሳንመረምር ሦስት ወር ደክመን ሠራናት። ቀለሟ እንደ ደረቀ አባባን ጠርተን አሳየናቸው። ዞረው ዞረው ተመለከቷትና «ልጆቼ፣ ጎበዞች ናችሁ፤ ግን ይህቺ የኔ መርከብ አይደለችም» አሉን። ከኋላዋ የተከልነውን ትልቅ መድፍ በጣታቸው ነክተው «እኛ ትልቁ መድፋችን አንድ ነበር፤ እሱም ከፊት» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን ከመካከላችን ያለቀሰም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች መርከብ ባርኔጋት ከሚባለው ዓይነት ስትሆን፣ በጦርነቱ ዘመን ከዚህ ዓይነት ከሠላሳ ያላነሱ መርከቦች ተሠርተዋል። እኅትማማቾች ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም እንደ ሌላዋ ሆና አልኖረችም። የ5 ኢንች መድፎቻቸው ቁጥር ከመርከብ ወደ መርከብ፣ ያውም በአንዲቱ መርከብ ላይ ከዓመት ወደ ዓመት ይለዋወጥ ነበር። ከእኅቶቿ ብዙዎቹ ኋላ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ተሰጥተዋል፤ ወደ ኢጣሊያና ወደ ቪየትናም የሄዱም አሉ፤ እያንዳንዱም አገር ለሥራው እንደሚስማማው ለዋውጧታል። በእጃችን የገባው ሥዕል ምናልባት ለአንዲቱ እኅቷ ትክክል ይሆን ይሆናል። የ1936ቷ «ኦርካ» እንኳ የ1954ቷ «ኢትዮጵያ» አይደለችም። ስለዚህ ፕላን የሚፈልግ ሰው «የየትኛዋ መርከብ ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «በየትኛው ዓመት?» ብሎም ይጠይቃል።

መርከብ ሠሪዎች ራሳቸው ይህን ያውቁታል። በእንግሊዝ አገር መርከብ ተሠርታ ስታልቅ፣ በመጀመሪያ የታሰበውን ሳይሆን በእውነት የተሠራውን የሚያሳይ ሌላ ፕላን ይነሣ ነበር፤ በኋላ የተለወጠውም በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ይጨመርበታል። ከእነዚህ ፕላኖች እጅግ ብዙዎቹ በግሪንዊች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም ይጠበቃሉ። የአሜሪካን የጦር መርከቦች የቀድሞ ፕላን የሚፈልግ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ በተባለው ከተማ ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መሄድ አለበት። እኛ ከጀውሃ እዚያ መድረስ ባንችልም፣ ዕድል ሆኖ የአንድ ጓደኛችን አጎት በሜሪላንድ ይኖራሉ። በዕረፍት ቀናቸው ሄደው የዚህን ዓይነት መርከብ አጠቃላይ ፕላን ቅጂ አስነሥተው ላኩልን። እግዜር ይስጥልን።

ፕላኑ ሲደርሰን ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። በጥጉ ላይ «አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ለአንድ ጫማ» የሚል ተጽፎበታል፤ ይህም 1 ለ192 ማለት ነው። የመርከቢቱ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 310 ጫማ ከ9 ኢንች ነው፤ በሜትር 94.7። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 49.3 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረባት። በማስመሪያ ስንለካት ግን 46 ሆነች! የኅትመት መሣሪያው ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት አሳንሶት ኖሯል። የተጻፈውን ብቻ አምነን ብንሠራ ኖሮ መርከቢቱን ከስድስት ሜትር በላይ ባሳጠርናት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ የተነገረውን ቁጥር ትተን በፕላኑ ላይ የተሣለውን መለኪያ መስመር እንለካለን፤ ወረቀቱ ሲያንስ እርሱም አብሮ ያንሳልና። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሰምተው በማግስቱ የምጥጥን ፈተና ሰጡን፤ ለዚህኛው አላመሰገንናቸውም።

በርዝመት ነገር ሌላም መሰናክል አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ 310 ጫማ ሲል ሌላው 300 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሆን ሁለተኛው በውሃው ወለል ላይ የሚለካው ነው። እኛ በመረጥነው በ1 ለ200 ልክ ልዩነቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ለሞዴል ይህ ትንሽ አይደለም።

ከሁሉ ያስቸገረን የቀፎዋ ቅርጽ ነው። አጠቃላዩ ፕላን መርከቢቱን ከጎንና ከላይ ያሳያል፤ ሆዷ እንዴት እንደሚጎብጥ ግን አይናገርም። ለዚህ የቅርጽ መስመሮች የሚባል ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ድፎ ዳቦ በቢላ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደሚመስል እንደማሳየት ያለ ነው። እሱን አላገኘንም። ስለዚህ መርከቢቱ ከፊት ለፊት የተነሣችባቸውን ፎቶግራፎች ሰብስበን፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ጭነት ሞልታ ወደ ውሃ የምትጠልቀው 4 ሜትር ያህል መሆኑን ይዘን፣ የካርቶን ቅርጾች ቆረጥን። የዋንዛ ሳንቃዎች አንዱን በአንዱ ላይ በኮላ አጣብቀን ካርቶኑ እስኪገጥም ድረስ ፋቅን። ከውሃው በታች ያለው ክፍል እንግዲህ ግምታችን ነው፤ ይህንንም በሞዴሉ ሥር በካርድ ላይ ጽፈነዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማን ያውቅብናል፤ ለምን ትጽፋላችሁ?» ብለው ነበር። በዚህ ላይ ተከራክረን በድምፅ ብልጫ ተጻፈ።

በአዲስ አበባ የሚማር የቀድሞ ተማሪያችንም በወመዘክር የቆዩ ጋዜጦችን አገላብጦ አንዳንድ ፎቶግራፎች አግኝቶልናል። ጥቁርና ነጭ ስለ ሆኑ ስለ ቀለሟ አይናገሩም። በዚህ በኩል ዳኛችን አባባ ናቸው። ሁለት ጊዜ ቀብተን ሁለት ጊዜ አስፍቀውናል፤ ሦስተኛውንም «ትንሽ ጠቁሯል» ብለዋል። እንደ እኛ ግን ከዚህ በላይ የምንፍቀው እንጨት አልቀረም።

ሞዴሏን ቀርባችሁ ስታዩ ከጭስ መውጫዋ በስተኋላ ቀለም ያልነካው፣ ምንም ያልተተከለበት ቦታ ታያላችሁ። ረስተነው አይደለም። አባባ ያገለገሉት ታች በሞተር ክፍል ስለ ነበር ያንን ቦታ በደንብ አያስታውሱትም፤ ከያዝናቸው ፎቶግራፎች መካከልም በግልጽ የሚያሳይ የለም። ስለዚህ በቤታችሁ በሣጥን ውስጥ፣ ወይም በግድግዳ ላይ፣ በምጽዋ የተነሣ የአባት ወይም የአጎት ፎቶግራፍ ያላችሁ ወላጆች ብትኖሩ፣ ከሰውየው ጀርባ ያለውን እንድናይ ለአንድ ቀን እንድታውሱን እንለምናለን። ቅጂ አንሥተን በዚያው ቀን እንመልሳለን። ሰኞና ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በእንጨት ሥራው ክፍል ነን።