ያገባኛል የሚል ጎረቤት

ውድ የዛሬ ተመራቂዎች፤

በሳሊተ ምሕረት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ አባል ሆናችሁ ልታገለግሉ ሥልጠናችሁን ጨርሳችኋልና ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ። ከመካከላችሁ በጡረታ ላይ ያሉ መምህራን አሉ፤ ከሥራ መልስ ልጆቻቸውን አብልተው ወደ ትምህርቱ የመጡ እናቶች አሉ፤ ገና ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ወጣቶች አሉ። ደመወዝ የሌለበትን፣ ምስጋናውም አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማበትን ሥራ ፈቅዳችሁ ተቀብላችኋል። በዚህ ቀን እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሠፈራችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አልፎ እስከ አያት የሚደርሰው ይህ የከተማችን፣ የአዲስ አበባ፣ ምሥራቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻ ወደ ከተማነት ተለውጧል። በሪል እስቴት ግቢ የሚኖረው፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚወጣው፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየው፣ በግንባታ ሥፍራ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን፣ አያቶቹ ይህንኑ መሬት ያርሱ የነበሩት ሰው፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ። እንዲህ በአጭር ጊዜ የተሰባሰበ ሰው ገና አልተዋወቀም፤ የማይተዋወቅ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ በወሬና በግምት ይመዛዘናል።

ቤት ፍለጋን ተመልከቱ። ደላላው ቤቱን ከማሳየቱ በፊት በስልክ ይጠይቃል፤ «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ብቻሽን ነሽ? የየት አገር ሰው ነህ?» መልሱ ካልተወደደለት ባዶው ቤት «ተይዟል» ይባላል። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ሲመጣ «ለእርስዎ ብለን ነው፣ ይቸገራሉ» ተብሎ ይሸኛል። እነዚህን ቃላት የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። በዓል ሲመጣ ጎረቤት የሚጠራ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። የአድልዎ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ደግ ሰው ሳያስብበት ያደርገዋል፣ ሌላው ደግ ሰው ደግሞ እያየ ያልፋል።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ትእዛዝና ሕግ አጥታ አታውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ የአገሩን ማረሻና ልብስ እያቀረበ ስድብ የሚከፈለው ሰው ከዚያ በኋላ ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባ ነበር። አዋጁ ከቤተ መንግሥት ወጣ፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በመንደሩ ውስጥ አዋጁን የራሱ ጉዳይ ያደረገ ሰው ስላልነበረ ነው።

ዛሬ ሕጉ ከዚያ እጅግ ሰፍቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎችን በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በሀብት፣ በትውልድ ወይም በሌላ አቋም ምክንያት መለየትን ይከለክላል። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞችን በሥራ ቅጥር ማግለልን ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። እነዚህን ሁሉ ተምራችኋል። ግን ከአስፋልቱ ዳር አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች ስንቶቹ በደረጃ ብቻ እንደሚገቡ ወጥቶ ማየት ይቻላል። በሕጉና በበሩ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥረው በአካባቢው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ሥራ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ ጥያቄ አለ፤ «አንተን ምን አገባህ? አንቺን ምን አገባሽ?» የሚል። ይህ ጥያቄ አገራችን ኢትዮጵያም በዓለም አደባባይ የተጠየቀችው ነው። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ደቡብ አፍሪካ፣ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት በያኔዋ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ሰውን በቆዳው ቀለም የሚከፋፍለውን አፓርታይድ ዘርግታ ነበር። ክርክሩ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፈለ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ክሱ ወደቀ። ምክንያቱ አፓርታይድ ትክክል ሆኖ ስለተገኘ አልነበረም። ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። በእኛ አነጋገር፣ «ምን አገባችሁ?» ተባሉ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት ጉዳዩን ያዘው፤ ያው ፍርድ ቤትም በ1963 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ በዚያ ምድር መቆየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። ናሚቢያ በ1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ኢትዮጵያ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ለተበደለ ሕዝብ «ያገባኛል» ብላ የቆመች አገር ናት። እኛ ታዲያ በአንድ ደረጃ ለምንወጣው፣ በአንድ ቧንቧ ውኃ ለምንቀዳው ሰው እንዴት አያገባንም? አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ ነው።

ሕጋችንም ለዚህ መንገድ ከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተቋቋመበት በአዋጅ ቁጥር 210/1992 መሠረት፣ አቤቱታ የሚያቀርበው ተበዳዩ ብቻ አይደለም። የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ፣ ወኪሉ ወይም ሦስተኛ ወገን ሊያቀርብለት ይችላል። በጽሑፍ ካልተቻለ በቃል ይቀርባል፤ ሁኔታው ካስገደደም የአመልካቹ ስም ሳይጠቀስ ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማኅበራትና ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን የሚወክሉ ሰዎች ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ምን አገባህ?» ለሚላችሁ ሰው መልሳችሁ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ሥራው ላንሳ።

መጀመሪያ አዳምጡ። በደል ደርሶበት የመጣ ሰው ታሪኩን ከመሃል ይጀምራል፣ ያለቅሳል፣ ይረሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። አታቋርጡት። ቀጥሎ ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ። በአንድ ሰው ላይ የደረሰው አጋጣሚ ሊመስል ይችላል፤ መዝገባችሁ ላይ ተመሳሳይ ቅሬታ በተከታታይ ሲገኝ ግን ልማድ መሆኑ ይታያል። መዝገቡንም ቆልፉበት። የኤችአይቪ ውጤቱን ወይም የቤቱን ገመና የነገራችሁ ሰው ነገሩን በቡና ላይ ከሰማው፣ ኮሚቴው ያን ቀን ሞቷል።

ከዚያ ምክንያት ጠይቁ። የሚያስከፋ ነገር ሁሉ አድልዎ አይደለም፤ አከራዩ ቤቱን ለልጁ ፈልጎት ሊሆን ይችላል፤ አሠሪውም የበለጠ ልምድ ያለው ሰው አግኝቶ ይሆናል። ስለዚህ ሳትፈርዱ ሁለቱንም ወገን ስሙ። ግን በጨዋነትና በግልጽ ጠይቁ፤ «ይህ ሰው የተከለከለው በምን ምክንያት ነው? በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ይከለከል ነበር?» አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተገለልኩ የሚለውን አካል ጉዳተኛ ከማስረዳት ሸክም አቅልሎ፣ አለማግለሉን እንዲያስረዳ የሚጠይቀው አሠሪውን ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱን ጮክ ብሎ ለመናገር ሲገደድ፣ ምክንያቱ ምክንያት አለመሆኑን ራሱ ይሰማል።

አራተኛው፣ ሽምግልና ድንበሩን እንዲያውቅ አድርጉ። በአከራይና በተከራይ፣ በዕድርና በአባሉ መካከል ሽምግልና መልካም ነው፤ እርቅ ባህላችን ነውና ኩሩበት። የተደፈረችን ልጅ፣ የተደበደበችን ሚስት ጉዳይ ግን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ አታስማሙ። ያ ወንጀል ነው፤ ቦታውም ሕክምናና ፖሊስ ነው። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ወደ ወረዳው፣ ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የአስተዳደር በደል ከሆነም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አድርሱ። ካደረሳችሁ በኋላም ተከታተሉ፤ ባለጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይኑራችሁ።

በተለይ ድምፃቸው ወደ እናንተ ለማይደርስ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡ። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አይሸፍናቸውም፤ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ አድርጎታልና። እያንዳንዷ የምታገኘው ዕረፍት፣ የምትተኛበት ቦታ፣ የደመወዟ ቀን በአንድ ቤተሰብ ፈቃድ የታሰረ ነው። እሷ ወደ ቢሯችሁ አትመጣም። በሱቅ፣ በወፍጮ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ልታገኟት ይገባል። ተከራዮችንም አትርሱ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር የባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ፣ በብሎኩ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ተከራይ ስለ ራሱ ደረጃና ውኃ በሚወሰንበት ስብሰባ ድምፅ የለውም። እናንተ ግን ልትሰሙትና ቃሉን ወደዚያ ስብሰባ ልትወስዱለት ትችላላችሁ።

ሰፈር መለወጥ ይችላል ወይ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ የኤችአይቪን ዘመን አስታውሱ። ታማሚው ከቤተሰቡ ሳይቀር የሚገለልበት ጊዜ ነበር። በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ ለቀብር ብቻ የተቋቋሙ ዕድሮች የታመመውን በሕይወት ሳለ ለመርዳትና ወላጅ አልባ ልጆችን ለመደገፍ ደንባቸውን አሰፉ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው ደፍሮ ይመረመርና ይታከም ዘንድ መንገድ ከጠረጉት መካከል ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በአደባባይ የተናገሩ ሰዎችና ያልሸሿቸው ጎረቤቶች ነበሩ። የዕድር ዳኞቻችን ዛሬ እዚህ ተቀምጣችሁ ስላየሁ ደስ ብሎኛል። የዕድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ከእነዚህ ተመራቂዎች ጋር ተቀምጣችሁ እንደገና እንድታነቡት አደራ እላለሁ፤ ማንን እንደሚያስገባ፣ ማንንም ሳያስበው ውጭ እንደሚያስቀር ተመልከቱ።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው ጊዜው ሲከፋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን በከተማችን በርካታ የትግራይ ተወላጆች ሲታሰሩ፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በይፋ ተናግሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርሃት ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ነገ ተራው የየትኛውም ብሔር፣ የየትኛውም እምነት ሰው ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው የአንድ ወገን ብቻ ጠበቃ ከሆነ በዚያ ቀን አይጠቅምም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምራችሁ የማትወዱትን ሰው፣ በፖለቲካ የማትስማሙትን ሰው፣ ቋንቋውን የማታውቁትን ሰው መብት መጠበቅን ተለማመዱ። በመካከላችሁም አካል ጉዳተኛው፣ ተከራዩ፣ ሴቷ፣ ወጣቱ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ስብሰባ ለማድመቅ ሳይሆን ለመወሰን ይቀመጡ።

ውድ ተመራቂዎች፣ የምስክር ወረቀታችሁ ሥልጣን አይሰጣችሁም፤ ማሰር፣ መቅጣት፣ መፍረድ አትችሉም። ያላችሁ ኃይል መጠየቅ፣ መመዝገብና አለመተው ነው፤ እሱም በአግባቡ ከተያዘ ብዙ በር ይከፍታል። ከነገ ወዲያ ሳይሆን ከነገ ጀምራችሁ በየብሎካችሁና በየመንደራችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ የት እንደምትገኙና በየትኛው ቀን እንደምትቀመጡ ሰው ይወቅ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሲመጣ ወንበር ስጡትና ስሙት።

እናንት ሽማግሌዎች ደግሞ መርቋቸው፤ ሲሳሳቱ አርሟቸው፤ ሲደክሙ አግዟቸው። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፣ ሰፈራችንን ሰላም ያድርግልን።