መሠረቱ ሳይቆፈር እንጠይቅ

እንደ ቦሳ ኪቶ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር የሞባይል ታወር ሊተከል ሲታሰብ፣ ምእመናን አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ጨረሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2003 ዓ.ም. ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል ብሎ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች መድቦታል፤ ይህ ግን ማረጋገጫ አይደለምና በዐውደ ምሕረት ሕዝቡን ልናስደነግጥበት አይገባም። የጄኔሬተሩ ጩኸትና ጭስ፣ የመብረቅ መከላከያው፣ ታወሩ ቢወድቅ የሚያርፍበት ቤት ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ዕቅድ ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ኮሚቴዎች መሠረቱ ሳይቆፈር ፕላኑን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቀው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ከሆነማ፣ ኪራዩ ለአጥቢያው ቢጠቅምም፣ ሙስሊሙንም ሆነ ፕሮቴስታንቱን ጎረቤት ሳናማክር ውሉን አንፈርም።