የልጅ በግ የማን ነው?



ባለፈው ሐሙስ እኛ ዘማች ተማሪዎች እዚሁ ሐሙሲት ገበያ ወጥተን ነበር። እንቁላል ተራ አጠገብ አንድ የ9 ዓመት ልጅ 8 እንቁላል ይዞ ተቀምጧል። የአንዱ ዋጋ 10 ብር ነበር። ነጋዴው 70 ብር ቆጥሮ ሰጠው፤ ልጁም ተቀብሎ ሄደ። ማታ እናቱ ቢቆጥሩ 10 ብር ጎደለ። ልጁን ገረፉት።

በማግሥቱ እናቲቱን ትምህርት ላይ አገኘናቸውና «እትዬ፣ ከዚህ በፊት ብር አስቆጥረውት ያውቃሉ ወይ?» አልናቸው። «ኧረ ምን ቆርጦኝ! ልጅ ብር ካየ ይባልጋል» አሉን።

ይህን አነጋገር ብዙ ቤት ሰምተነዋል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ግን ብር ያላየ ልጅስ ይድናል ወይ? እኛው ራሳችን ምስክር ነን። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ወላጆቻችን እህል ሸጠው የሰጡንን የወር ገንዘብ በሁለተኛው ሳምንት ጨርሰን ከጓደኛ እንበደር ነበር። ማባዛትና ማካፈል ጠፍቶን አልነበረም። ገንዘብ በእጃችን ይዘን ስለማናውቅ ነው እንጂ።

እርሻውን እንዴት ነው የምታስተምሩት? መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከዚያ በግ፤ ከዚያ ከብት። እርፍ የሚጨብጠው በአንድ ቀን አይደለም። ደግሞም ትልቁን ትምህርት ከቤታችሁ አይቶታል። ግንቦትና ሰኔ እህል ሲያልቅ፣ ልጁ ራበኝ እያለ እንኳ፣ ለዘር የተቀመጠው እህል አይነካም። ለምን እንደማይነካ ያውቃል። ታዲያ ከእንቁላሉ ብር ከፊሉ ለጨው፣ ከፊሉ ለደብተር፣ ከፊሉ ለጫጩት መግዣ ይቀመጥ ቢባል መረዳት ያቅተዋል?

ልጅ ይጠይቃል። «ወረቀቱ ለምን ይገዛል?» ይላችኋል። ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሩለት። ያኔ ጨው ራሱ ገንዘብ ነበር፤ አሞሌ ይባል ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በጭነት ከብት ጎንደርና ጎጃም ድረስ ይመጣ ነበር። ከወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል! ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብርም ነበረ፤ የኦስትሪያ ንግሥት መልክና 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተቀርጾበታል። የዛሬውን ወረቀት የሚያወጣው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚቀበለው ይገዛል። ወረቀቱም ይለወጣል። በ1969 ዓ.ም. ተለውጧል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለወጡ፤ የ200 ብር ኖትም ተጨመረ። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ገንዘቡን በማሰሮ የቀበረ ሰው፣ ወሬውን የሚያነብለት ልጅ ከሌለው ምን ይውጠዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በአገራችን ለልጅ ግልገል መስጠት የተለመደ ነው። «ይቺ ያንተ ናት» ይባላል። ልጁ ስም ያወጣላታል፤ ሣር ያጭድላታል፤ በዝናብ ይከተላታል። ትወልዳለች። ከዚያ የማዳበሪያ ክፍያ ይደርስና በጊቱ ትሸጣለች። ልጁን የጠየቀው የለም። የማዳበሪያ ዕዳ ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ በጓን ለምን ሸጣችሁ አንልም። ግን ልጁ ምን ተማረ? «ያንተ» ማለት ጥሩ ዋጋ እስኪያወጣ ነው ብሎ ተማረ። ነገ ከእንቁላሉ ብር 5 ብር ቢደብቅ ከማን አየው እንበል? ለሴት ልጅማ ግልገሉም አይሰጣትም። ዶሮዋን የምትጠብቀው፣ እንቁላሉን የምትለቅመው ግን እሷ ናት።

መሸጡ ግድ ከሆነ ንገሩት። «ይህን ያህል ዕዳ አለብን፤ በግህን አበድረን፤ በመኸር እንመልስልሃለን» በሉት። አሁን መጻፍ ተምራችኋል። አንድ ደብተር ግዙ። በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላው የወጣውን ጻፉ። ልጁ ይደምር፤ እናንተ አንብቡ። ስትሳሳቱ ቢስቅ አትቆጡት፤ እኛስ ጥምድ በሬ መንዳት ሲያቅተን ስንት ስቃችሁብን የለም ወይ?

እትዬ እሑድ ዕለት ልጃቸውን አስቀምጠው ባቄላ እየደረደሩ አስቆጠሩት። አንዱ ባቄላ 10 ብር ነው ተባለ። እኅቱ ከጎኑ ሆና ስታይ ቆይታ ከሱ ቀድማ ጨረሰች።

ትናንት ደግሞ አንድ አባት ደብተራቸውን ይዘው መጥተው «እስቲ እረሙልኝ» አሉን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «የልጄ አንድ በግ አለብኝ። አምና በሰኔ ሸጥኋት።» አንዲት ፊደል ጎድላ ነበርና አርመን መለስንላቸው። መቼ እንደሚከፍሉ ብንጠይቃቸው «ሽንኩርቱ ሲሸጥ» አሉ።