ጥሪው ከመሣሪያው ይቀድማል፦ የኢንተርኔት ስልክ ለጅማና ለአካባቢዋ የቡና ከተሞች

የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገነት ነጋዴዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የዩኒየን መሪዎች፣ የሆቴል ባለቤቶች፣ ወጣት የኔትወርክ ባለሙያዎች፦

ስለ ኢንተርኔት ስልክ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የስልክ ሥርዓት የሚመረጠው ለደዋዩ ሲባል ነው። የቢሮ ጌጥ አይደለም። በኅዳር ምሽት አንድ ገበሬ ባለ ቁልፍ ስልኩን አንሥቶ ሲደውል የሚመልስለት ካጣ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ብንተክል ገንዘባችን ባክኗል።

ጉዳዩ በቡና አገር የሚከብድበት ምክንያት አለው። እሸት ቡና ቀጠሮ አያውቅም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ያለ ጊዜው መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። በመልቀሚያው ወራት ከሰዓት በኋላ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሆነውን ልብ በሉ። ሚዛን ላይ ያለው ሠራተኛ የዕለቱን ዋጋ ለማረጋገጥ ጅማ ይደውላል። የጭነት መኪናው ሾፌር ጭቃ ይዞት ይደውላል። አዲስ አበባ ያለው ላኪ ስንት ኪሎ እንደገባ ለማወቅ ይደውላል። ሰብሳቢው ደግሞ ገንዘቡ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃል። የሁሉም ጥሪ የሚያርፈው በአንድ ሥራ አስኪያጅ የግል ሞባይል ላይ ነው፤ ስልኩም ተይዟል። ይባስ ብሎ ሥራ አስኪያጁ መሥሪያ ቤቱን የለቀቀ ቀን ቁጥሩም ደንበኛውም አብረውት ይሄዳሉ።

የኢንተርኔት ስልክ ይህን ችግር ያቃልላል። ድምፅ ወደ ዳታ ተለውጦ ኮምፒውተሮቻችን በሚጠቀሙበት መስመር ይጓዛል፤ የስልክ ማዞሪያውም የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሆናል። ድርጅቱ የራሱ የሆነ አንድ ቁጥር ይኖረዋል። አንዱ ሠራተኛ ካላነሳ ጥሪው ወደ ሌላው ያልፋል። የአጋሮው ቅርንጫፍና የጅማው ዋና ቢሮ በአንድ ግቢ እንዳሉ ሁሉ በውስጥ ቁጥር ይገናኛሉ። ስንት ሰው ደውሎ ስንቱ እንዳልተመለሰለትም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ደዋዩን ያስቀደመ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ቡናን ካስገባ በኋላ፣ አምራቹም ነጋዴውም በ929 እየደወለ ዋጋ ይሰማ ነበር። በ2006 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው 8028 ደግሞ ለገበሬው የግብርና ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ያሰማ ነበር። ሁለቱም ከደዋዩ የጠየቁት ተራ ስልክ ብቻ ነው። እኛም ልንከተለው የሚገባው መንገድ ይህ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ሕጉን እንይ። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅ ግንኙነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761ም ጠንካራ ቅጣት አስቀመጠ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ገበያውም ተከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መጀመሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በይፋ አገልግሎት ጀመረ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥሪያችን ወደ ሕዝብ ስልክ የሚወጣውና የሚገባው ፈቃድ ባለው ኦፕሬተር፣ በድርጅቱ ስም በተፈረመ ውል ይሁን። ሲም ካርዶች ደርድሮ የውጭ ጥሪ በርካሽ አስገባላችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ዝጉበት፤ የሚያመጣላችሁ የወንጀል ክስ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በመልቀሚያው ወቅት ለአንድ ሳምንት ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ስለ ምን ጉዳይና ተመልሶለት እንደሆነ ጻፉ። በጣም በሚጨናነቀው ሰዓት ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚነጋገር ከዚያ ታገኛላችሁ። የምትገዙት መስመር ብዛት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው፤ የሠራተኛው ብዛት አይወስነውም። ደብተሩ ሁለት ወይም ሦስት ጥሪ ብቻ ካሳያችሁ ማዞሪያ አትግዙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንባችኋል፤ በድርጅቱ ስም የወጣ ሞባይልና ተረኛ ሠራተኛ ይበቃችኋል።

ቀጥሎ መስመሩን ፈትሹ። ጂ 711 በተባለው የተለመደ የድምፅ አላላክ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ ወደ 90 ኪሎ ቢት ይወስዳል። ስለዚህ 10 ሰው በአንድ ጊዜ ቢነጋገር 1 ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረን የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የመስመሩ አለመረጋጋት ነው። ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲወስድበት ተነጋጋሪዎቹ ንግግር መሻማት ይጀምራሉ፤ መዘግየቱ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ቃል ይቆራረጣል። መስመሩን በሌሊት ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሞክሩት። ባለሙያችሁም በራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ይስጥ፤ አንድ ሰው ፊልም ስላወረደ የገበሬው ጥሪ መቋረጥ የለበትም።

ሦስተኛው መብራት ነው። የመዳብ መስመር ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ስለሚያገኝ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር፤ የኢንተርኔት ስልክ ግን አብሮ ይጠፋል። የስልኮቹን ኃይል በኔትወርክ ገመዱ የሚልክ ስዊች ምረጡ፤ ያን ጊዜ አንድ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ሁሉንም ይይዛል። ራውተሩንና የፋይበሩን ሞደም ከዩፒኤሱ ጋር ማገናኘት አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ዝናብና መብረቅ በማይለየው አካባቢያችን የመሬት ገመድና የመብረቅ መከላከያም የግድ ነው። ቢሮው ጨርሶ ሲጨልም ጥሪው ወደ ተረኛው ሞባይል ይዙር፤ ማዞሩ ግን በኦፕሬተሩ በኩል የተሞላ ይሁን። በቢሮው ማሽን ላይ ብቻ ከሞላችሁት ማሽኑ ሲጠፋ ትእዛዙም አብሮ ይጠፋል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ መደበኛ ቁጥር ከኢንተርኔቱ ውጭ ይኑራችሁ።

ማዞሪያው የት ይቀመጥ? በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብትከራዩት ከጅማ ወደ አጋሮ የሚደረገው ጥሪ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል፤ ኪራዩም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ቢሮ ውስጥ ብትተክሉት ግን አስቴሪስክን የመሰለ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በመጠነኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የሚጠይቀው የሚንከባከበው ሰው ነው፤ ለዚህም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አጠገባችን አሉ። ቅርንጫፍ ላለው የቡና ድርጅት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ደኅንነቱን ችላ አትበሉ። አጭበርባሪዎች በሌሊት የውስጥ ቁጥሮችን የይለፍ ቃል እየገመቱ ወደ ውድ የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ሂሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ለማያስፈልገው ሠራተኛ የውጭ ጥሪ ዝጉ። ማዞሪያውን በቀጥታ ለኢንተርኔት አታጋልጡ፤ ቅርንጫፎቻችሁን በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ አገናኙ።

ተከላው በክረምት ይሁን፤ ቡና በሚለቀምበት ወር አዲስ ሥርዓት አይሞከርም። በአንድ ቅርንጫፍ ጀምሩ፤ የድሮው ቁጥርም እስከ ምርቱ ማብቂያ ጎን ለጎን ይሥራ። ደዋዩን የሚቀበለው የተቀዳ ድምፅ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን፤ አጭርም ይሁን፦ «የዕለቱን ዋጋ ለመስማት 1፣ ስለ ሚዛንና ክፍያ 2፣ ሰው ለማነጋገር 0 ይጫኑ።» ከዚህ በላይ ምርጫ አትደርድሩ። 0 የጫነ ሰው ደግሞ በእርግጥ ሰው ያግኝ፤ ማታ የሚመልሰው ዘበኛው ከሆነ እሱም ሥልጠና ይገባዋል።

ክቡራትና ክቡራን፦ ለገበሬው ስልክ መመለስ የንግድ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ የክብር ጉዳይም ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ፍሬ በኬሻ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ዋጋውን የማወቅ መብት አለው። በመጪው ጥቅምት ደብተሩን ጀምሩ፤ በክረምቱ ትከሉ፤ ከተከላው በኋላ በሚመጣው ጥር ያልተመለሱትን ጥሪዎች ቁጠሩ። ከቀነሱ ሥርዓቱ ሠርቷል፤ ካልቀነሱ ሻጩ ምንም ቢል አልሠራምና አስተካክሉት።