ዓይነ ምድሩ ቢጠቁር አትደንግጡ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሕፃናት ደም ማነስ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የተሰነቀ ብረት በሰውነቱ አለ። 6 ወር ገደማ ሲሆነው ግን ስንቁ ያልቃል። የጡት ወተት አቻ የለውም፤ ብረቱ ግን ጥቂት ነው። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። የሕፃኑ መዳፍ ይገረጣል፤ ይደክማል፤ ምግብም እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ባለሙያው የብረት ሽሮፕ ያዝለት ይሆናል። መድኃኒቱ ሲጀመር ዓይነ ምድሩ ይጠቁራል። «ኧረ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው!» ብላ የምታቋርጥ እናት አትጠፋም። እናቴ፣ አታቋርጪ! ያጠቆረው ሰውነቱ ያልወሰደው ብረት ነው። ደም ካየሽበት ግን ፈጥነሽ ሂጂ። ልጁ ቢበረታም የታዘዘለትን ጨርሺ፤ ስንቁ የሚሞላው በወራት ነው።

መጠኑን ከቶ አትጨምሩ። ብረት ሲበዛ ይመርዛል፤ ይገድላልም። ጠርሙሱን ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ።

6 ወር ከሞላው ምስር፣ እንቁላል፣ ከተገኘም የላመ ሥጋና ጉበት አብሉት። ሻይ አትስጡት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

እናንተ ፊደል ለይታችኋል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈላችሁን መጠን አንብቡ፤ ላልተማረች ጎረቤታችሁም አንብቡላት።