በየሱቁ ደጅ ስለምናስቀምጣቸው ትላልቅ የአበባ በርሜሎች

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)




የዛሬው ንግግራችን ስለ አበባ በርሜሎች መሆኑን እንገልጻለን። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ በርሜል? ያለፈው አልበቃንም?» እንደምትሉ እናውቃለን። ልክ ናችሁ። እኛም ስለ ወደፊቱ ከመናገራችን በፊት ስላለፈው ጥፋታችን እንናገራለን።

እንደሚታወቀው፣ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር የትላልቆቹ መንገዶች ዳር በሣርና በአበባ ተሸፈነ። የእኛ የውስጥ መንገድ ግን ከሱቆቹ ደጃፍ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው፤ የሚቆፈር መሬት የለውም። በዚህ ምክንያት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከአባላት መዋጮ ወጪ አድርገን 7 በርሜሎች ገዛን፤ ለሁለት ለሁለት አስቆረጥንና 14 መትከያ አገኘን። ቀለም ቀባናቸው፣ አፈር ሞላናቸው፣ አበባ ተከልንባቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰፈሩ ሙሽራ መሰለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። በመስከረም ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እኛም «ጠምቶት ነው» ብለን ውሃ ጨመርን። በኅዳር ደረቀ። በጥር ከ14ቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት የሲጋራ ቁራጭና የላስቲክ መጣያ ሆኑ። አንዳንዶቻችን ባለሱቆችን ወቀስን፤ ባለሱቆችም ማኅበሩን ወቀሱ። በዚህ የተነሳ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ የደረሱ ጎረቤታሞች አሉ። ነገሩ ከበርሜል በላይ ሆነ ማለት ነው።

እውነቱን የነገሩን ከመንገዱ ጫፍ ላይ አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናታችን ናቸው። እርሳቸው በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተከሉት ጀራንየም ያን ጊዜ ሁሉ አብቦ ነበር። ጠይቀናቸው ሲመልሱ፣ «ልጆቼ፣ የእናንተው ተክል እኮ የሞተው ሰጥሞ ነው እንጂ ጠምቶት አይደለም» አሉን። አንዱን በርሜል ገልብጠን አየነው። ከታች ያለው አፈር ጥቁር ጭቃ ሆኖ እንደ ረግረግ ይሸታል፤ ሥሩም በስብሷል። ለካስ በርሜሎቹን ስናስቆርጥ ከሥር ቀዳዳ አላስበሳናቸውም! የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መውጫ አጥቶ እዚያው ተኝቶ ከረመ። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ሲከርም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የጠማው ይመስላል። እኛም በታፈነው ላይ ውሃ ስንጨምር ከረምን።

ስለዚህ ጥፋቱ የባለሱቆቹ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ይህን በአባላት ፊት ማመን ይገባናል።

ከዚህ ወዲህ የተማርነውን በአጭሩ እናቅርብ። መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ቢጠማው ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ቢበዛበትም መሬቱ ያሰርግለታል። በርሜል ውስጥ ያለ ተክል ግን መሄጃ የለውም። ከእኛ እጅ በቀር ማንም የለውም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አንደኛ፣ ቀዳዳ። በእያንዳንዱ በርሜል ሥር ጣት የሚያሳልፉ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ቀዳዳዎች ይበሱ። አፈሩ እንዳይወጣ በላያቸው ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግ። ብዙዎቻችን «ከሥር ጠጠር ይደርደርበት» እንላለን፤ ይህ አይጠቅምም። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጠጠሩ የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ ከሞላ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ የሚያደርገው ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ ማጥበብ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በርሜሉ በሦስት ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፤ ውሃው በቀላሉ ይወጣል፣ ቆርቆሮውም ቶሎ አይዝግም።

ሁለተኛ፣ አፈር። ያለፈው ጊዜ ለቤት መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ጥቁር አፈር አምጥተን ሞላን፤ ነፃ ስለነበረ። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበርሜል ውስጥ ሲደርቅ ከዳርና ዳሩ ስለሚሸሽ፣ የምናፈሰው ውሃ በስንጥቁ ቁልቁል ይሄዳል እንጂ ሥሩን አያገኘውም። አሁን የምናስበው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አፈሩም እስከ አፍ ድረስ አይሞላ፤ ውሃ እንዲይዝ አራት ጣት ያህል ይጉደል።

ሦስተኛ፣ በርሜሉ ራሱ። ኬሚካል፣ አሲድ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት በርሜል በምንም ዓይነት አይገዛ፤ ርካሽ ቢሆንም ይቅርብን። ጥቁር ቀለምም አንቀባም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ቆርቆሮ ይግላል፤ ከዳር ያለውንም ሥር ይጠብሰዋል። አቅም ያለው ባለሱቅ ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ ቢያቆም የበለጠ ይበረክታል።

አራተኛ፣ ተክሉ። የደጁን ፀሐይ አይተን እንትከል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ለሚያገኘው ደጅ ጀራንየም፣ ቡገንቪሊያ፣ ሬት፣ የጥብስ ቅጠል ይስማማል። ወይራም ቀስ ብሎ ስለሚያድግና መከርከም ስለሚችል በትልቅ በርሜል ይኖራል። ፎቅ ለሚያጠላበት ደጅ ፈርንና ካላ ይሻላል። ድርቅ የሚወደውንና እርጥበት የሚወደውን በአንድ በርሜል አንቀላቅል፤ አንዱን ስናጠግብ ሌላውን እንገድላለን። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ለበርሜል አይሆኑም። ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ አይተከል።

አምስተኛ፣ ውሃ። ውሃችን በፈረቃ እንደሚመጣ ማንም አይረሳም። ለአበባ ብለን የቤታችንን ጀሪካን አናራቁት። የአትክልትና የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ለተክል ጥሩ ነው። በረኪና፣ ኦሞ፣ ጨው ያለበት ውሃ ግን ይገድላል፤ የቡና ማሽን ፍል ውሃም እንዲሁ። መጠኑን ለማወቅ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ከሥር ጠብ እስኪል አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩ እንደተጠማ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀዳዳው እንዳይደፈን በየጊዜው እንይ።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እንናገር፤ ይኸውም ስለ ቦታው ነው።

በርሜሎቹን ያስቀመጥናቸው ለዓይናችን ደስ እንዳለን፣ አንዱን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጪ አድርገን ነበር። ዓይነ ስውር ወንድማችን ይህን መንገድ በበትሩ ለዓመታት የሚያውቁት ናቸው። ሳንነግራቸው መንገዳቸውን ለወጥንባቸው። ከአራተኛው በርሜል ጋር ተጋጭተው ጉልበታቸው ተላጠ። እርሳቸው አልተቀየሙም፤ «ለካ አበባ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው መሰለኝና ይቅርታ አልኩት» ብለው ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ግማሽ በርሜል 100 ሊትር ያህል ይይዛል። እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ «በኋላ እናነሳዋለን» የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከመሙላታችን በፊት ባዶውን አስቀምጠን እንለካ። ሁሉም በአንድ መስመር ከግድግዳ ጋር ይጠጉ። ለእግረኛ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይቅር። የፍሳሽ መውረጃ አይዘጋ። ደግሞም የእድራችን ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ እንዳንረሳ! ሐዘን ቀን ሰጥቶ አይመጣም፤ ያን ዕለት በርሜል መግፋት ለሟችም ለቋሚም አሳፋሪ ነው። የእድሩ ዳኛ አብረውን ዞረው ቦታውን እንዲያመለክቱን ጠይቀናል፤ እሺ ብለዋል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘንድሮ 14 አንልም፤ በ4 እንጀምራለን። አሮጌዎቹን በርሜሎች እንበሳቸዋለን፤ አዲስ አንገዛም። እያንዳንዱ በርሜል ሁለት ባለቤት ይኖረዋል፤ አንድ ባለሱቅና አንድ የጎረቤት ቤተሰብ። ሱቁ በተከፈተበት ቀን ባለሱቁ ያያል፤ በእሁድና በበዓል ጎረቤቱ ያያል። ሁለት ባለቤት ያልተገኘለት በርሜል አይተከልም። አንድ ዓመት ከቆዩ፣ ክረምቱንም በጋውንም ካለፉ፣ ያን ጊዜ ስለ አምስተኛው እንነጋገራለን።

ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን 14 የሞተ በርሜል ከማየት 4 ሕያው ማየት ይሻላል። ደግሞ አንድ ባለሱቅና አንድ ጎረቤት በአንድ ተክል ምክንያት በየሳምንቱ «አጠጣኸው ወይ? አጠጣሽው ወይ?» ቢባባሉ፣ ባለፈው ጊዜ የተቋረጠው ሰላምታ ይመለስ ይሆናል። እኛ ከአበባውም ይልቅ ይህንን እንመኛለን።

የመጀመሪያውን በርሜል ለመያዝ የተስማሙት አትክልት ሻጯ እናታችንና ከጎናቸው ያለው የጫማ ሱቅ ናቸው። ለቀሩት ሦስት በርሜሎች ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተሰቀለው ደብተር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ