መንጃ ፈቃድ የማትጠይቀው መኪና
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳላችሁ በፓሪስ አጠገብ በፑቶ ትሠራ ስለነበረችው ስለ ሞሼ መኪና ነው። «ይህችም መኪና ሆና!» ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ችግር የወለዳት ናት።

ሻርል ሞሼ ሚስቱ ብስክሌት ለልጃቸው ለዦርዥ ያሰጋል ስላለች፣ በእግር የሚረገጥ ባለ አራት ጎማ ሠራለት። ቀጥሎ ለሁለት ዐዋቂዎች የሚሆን ቬሎካር አወጣ። ከ1940 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ቤንዚን ጠፋ፤ ያኔ ባለ ፔዳሏ ተፈላጊ ሆነች። ቤንዚን ቢታጣ ጉልበት አይታጣማ!

አባትየው በ1934 ስለ ሞተ ሥራውን የያዘው ያው ልጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሞተር ገጠመላት። በ1950ዎቹ የወጣችው ሲ.ኤም. 125 ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ 125 ሲሲ፣ የትንሽ ሞተር ሳይክል ያህል መሆኑ ነው። ታዲያ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የጊዜው የፈረንሳይ ሕግ ይህን ያህል ሞተር ላለው መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ዕድሜው የገፋ፣ ፈተና ያልቀናው፣ ለትልቅ መኪና አቅም ያነሰው ሁሉ መሪ ሊጨብጥ ቻለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም እኮ!

በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ፈቃድ ካወጡ ወዲያማ ማን ትንሿን ይመርጣል? ፋብሪካው በ1958 ሥራውን አቆመ። እኛን የሚቆጨን የፋብሪካው መዘጋት ሳይሆን ፈተናውን የማይሞክሩት ሽማግሌዎች ነገር ነው፤ ለእነሱ ምትክ አልነበራቸውም።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀን።